ማክሰኞ የጮኸው ማስታወቂያው አይደለም፣ እኔ ነኝ

ለተከበሩ የማስታወቂያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ ያንን የጭራቅ ጌም ላወጣው ድርጅት፤
ግልባጭ፦ በእኛ ፎቅ ለምትኖሩ ጎረቤቶቼ በሙሉ።

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ፣ እንቅልፍስ ይወስድዎታል ወይ፣ እኔን እንኳን ከማክሰኞ ወዲህ አልወሰደኝም፣ ግን የእርስዎ ይበቃናል። በርዎ ጥሩ ቁልፍ እንዲኖረው ከልቤ እመኝልዎታለሁ። የኔ በር ማጠፊያው ላልቷል፣ ይህን ስጽፍ አልጋውን አስጠግቼበት አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ፣ ትምህርቴም እስከ አምስተኛ ክፍል ነው።

እኔ ማን ነኝ መሰለዎት፣ ያቺ ልጅ ነኝ። ማስታወቂያውን መቼም ያውቁታል፣ ያገዱት እርስዎ ነዎት። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ምንም አይታይም፣ በር ይንኳኳል፣ ከዚያ አንዲት ሴት «ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ፣ መጣብኝ፣ ስለ እናታችሁ ክፈቱልኝ» ትላለች፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ በቀይ ጽሑፍ «የምታውቁት ድምፅ ቢሆንም አትክፈቱ» ይላል። ጌሙ ላይ ያሉት ጭራቆች የጎረቤት ድምፅ እያስመሰሉ ነው በር የሚያንኳኩት አሉ፣ የከፈተ ይበላል፣ ያልከፈተ ያሸንፋል። እንግዲህ ያቺ የምትጮኸው እኔ ነኝ። ጭራቅ አይደለሁም፣ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ድምፅ የሚቀዳበት ቤት ነው የማጸዳው፣ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ነው፣ አቧራ እንደሱ የሚወድ ነገር አላየሁም። ማስታወቂያው የሚቀዳ ቀን ተዋናይዋ ቀረች፣ ድምፅ ቀጂው «ነይ እስቲ የኔ እህት፣ ሁለት ደቂቃ ናት» አለኝ፣ ወረቀት ሰጠኝ፣ ፊደል እየቆጠርኩ ሳነብ ጊዜ ወረቀቱን ቀማኝና «ተይው ይሄን፣ ሰው ቢያባርርሽ ጎረቤትሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው፣ እንደሱ በይ» አለኝ። እኔም እንደሱ አልኩ። በአንዴ ጨረስኩት፣ አጨበጨቡልኝ፣ መጥረጊያዬን አንስቼ ወጣሁ። ሞኝነቴ ይኸው ነው ክቡር፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የነበረብኝን ጩኸት በደህና ቀን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ቅሬታ በቁጥር ይጻፋል ስላሉኝ በቁጥር እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና ነው። ማስታወቂያውን ስላነሳችሁልን እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ውሳኔያችሁን ድምፅ ቀጂው አንብቦልኛል፣ የጌም መሆኑን ሳይናገር ሰውን ያለአግባብ ያስፈራል ይላል፣ ልጆች ፈርተዋል ብላችሁ አዝናችኋል፣ እግዜር ይስጥልን። ፈጥናችኋልም፣ ሦስት ወር ብቻ ነው የወሰደባችሁ። ያገዳችሁት ጌሙ ተሸጦ ካለቀ በኋላ መሆኑ ደግሞ ድርጅቱን እንዳይከፋው ብላችሁ ነው፣ እንዲህ ያለ አሳቢነት ከየት ይገኛል። ድርጅቱም «ቅር የተሰኘ ሰው ካለ እናዝናለን» ብሏል። ካለ ነው ያለው። አያውቀኝማ፣ አልፈርድበትም።

ሁለተኛ፣ የባሰው ከታገደ ወዲህ ነው። በፊት ቴሌቪዥን ላይ ከዜና በፊት ይመጣና ይሄድ ነበር። እናንተ ስታግዱት ጊዜ «የታገደው ማስታወቂያ» ተባለና ያላየው ሰው ሁሉ ፈልጎ አየው፣ የፎቃችን ልጆች ስልካቸው ላይ ጫኑት፣ የስልኩ መጥሪያ ያደረገውም አለ፣ ሰው ሲደወልለት እኔ እጮሃለሁ። ደረጃ ስወጣ «አትክፈቱ መጣች» ይሉኛል፣ ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ጥሩ ሰው ነው፣ እሱ እንኳን «አትክፈቱ፣ እንዴት አደርሽ፣ ዛሬ ማንን በላሽ» ይለኛል። እስቅ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ትንሽ ደስም ይለኝ ነበር፣ በሕይወቴ ሰው ድምፄን ልብ ብሎት አያውቅማ።

ሦስተኛው ማክሰኞ ነው። እጮኛዬ የነበረ ሰውዬ አለ፣ በያጅ ነው፣ ስሙን አልጽፈውም፣ ስጽፈው የሚሰማኝ ይመስለኛል። ቀለበቱን ከመለስኩለት አራት ወር ሆኖታል። «እሷን ሳላሳያት አልቀርም» ብሎ ለአክስቴ ነግሯታል፣ አክስቴ ናት ያሳደገችኝ፣ አብረን ነው የምንኖረው፣ ማክሰኞ ግን ሥራ ላይ ነበረች። ጨለማ እንዳይመስልዎት፣ ቀን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ኮሪደሩ ላይ ልብስ አሰጣለሁ፣ ዞር ስል ደረጃው ላይ ቆሟል። መዶሻ ይዟል። ደጃፌ ከደረጃው አጠገብ ነው፣ እሱንም ዘግቶብኛል፣ እኔ ሮጥኩ። በእኛ ፎቅ ከኛ ሌላ አምስት በር አለ፣ መጀመሪያ የነርሷን ደበደብኩ፣ ከዚያ የጡረተኛውን መምህር፣ ከዚያ የሌላውን፣ ምን ብዬ ጮህኩ ይበሉኝ፣ ያንኑ ነዋ፣ ክፈቱልኝ፣ እኔ ነኝ፣ መጣብኝ። ሌላ ቃል ከየት አመጣለሁ፣ ቃሉኮ ከመጀመሪያውም የኔ ነው፣ እነሱ ናቸው ከኔ የወሰዱት። ከውስጥ የመምህሩ ሚስት «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ይሄን ነገር ዝጉት፣ ራሴን አመመኝ» አሉ። ከታች ልብስ ሰፊው ሲስቅ ሰማሁት። ሰውየው አልቸኮለም፣ እየተራመደ ነው የመጣው፣ «ጩኺ፣ ጩኺ፣ ታዋቂ ነሽ እኮ» አለኝ።

የመጨረሻው በር ላይ ጀርባዬን ስለጥፍ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ውሃ መጣ፣ ውሃ መጣ» ብዬ ጮህኩ። ከኮሪደሩ የጋራ ቧንቧ ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። በር ሲከፈት አይተው አያውቁም ክቡር። አምስቱም በአንዴ፣ ነርሷ ሌሊት ሠርታ ተኝታ ስለነበር በቢጃማዋ፣ መምህሩ ሁለት ባልዲ ይዘው፣ ሚስታቸው ጀሪካን ታቅፈው፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ ከታች ሮጦ ወጣ። ሰውየው መዶሻውን ጃኬቱ ውስጥ ከተተና «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ በመሀላቸው አለፈ፣ ሲያልፍ በጆሮዬ «ሌላ ቀን» አለኝ። ጎረቤቶቼ የጠየቁኝ ግን «የታለ ውሃው» ብለው ነው። የመምህሩ ሚስት እስካሁን አኩርፈውኛል። ሁለተኛ ውሃ መጣ ብል የሚወጣ የለም ማለት ነው፣ እሷንም ጨርሻታለሁ።

አራተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊሱ ምስክር አምጪ አለኝ። ጎረቤቶቼ ሄዱልኝ፣ ሐቀኛ ሰዎች ናቸው፣ «የሰማነው ማስታወቂያውን ነው» ብለው ፈረሙ። መዶሻ ያየ የለም፣ ሁሉም የሚያየው ቧንቧውን ነበር። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ማክሰኞ የጮኸ ሰው የለም፣ የጮኸው ጌም ነው። እስከ ሰኞ ሌላ ማስረጃ ካላመጣሽ እንዘጋዋለን አለኝ።

እዚህ ላይ ነው እርስዎ የሚያስፈልጉኝ። ውሳኔዎ ላይ ቀን አለ፣ ማስታወቂያው ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ በማንኛውም መንገድ አይታይም አይሰማም ይላል፣ ማኅተም አለው። ማክሰኞ ደግሞ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት መቼም አይዋሽም። ማስታወቂያው ከሌለ ማክሰኞ የጮኸው ማን ነው? ስለዚህ በትህትና የምለምንዎት ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ «ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሰማው ማስታወቂያው ሊሆን አይችልም፣ እሱን እኛ አንስተነዋል፣ ስለዚህ ድምፁ የሰው ነው» ብለው ይጻፉልኝና ማኅተም ይምቱበት፣ ለፖሊሱ እሰጠዋለሁ። አይ፣ እውነቱን ለመናገር አልተነሳም ካሉም እሱንም ይጻፉልኝ፣ ጎረቤቶቼ ጩኸቴን ለምን እንዳላመኑ ፖሊሱ ይገባዋል። ሁለቱም ይጠቅመኛል፣ ዝም ካሉ ብቻ ነው የማይጠቅመኝ።

አምስተኛ ነበረኝ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ ጠፋብኝ። አክስቴ ናት። «እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» አለችኝ። አልከፈትኩላትም ክቡር፣ ያሳደገችኝን ሴት፣ ድምፅዋን እያወቅኩ፣ «እጅሽን በበሩ ስር አሳዪኝ» አልኳት። ጉልበቷ እያመማት አጎንብሳ ጣቶቿን አሳየችኝ። አልጋውን ገፍቼ ስከፍትላት አልተቆጣችኝም፣ ገብታ ጉልበቷን እያሸች ተቀመጠች። እሱ ነው የባሰብኝ። ለጌሙ ድርጅት ይንገሩልኝ፣ ማስታወቂያው ሠርቷል።

የወንበርዎን ክብር፣ የማኅተምዎን ድምቀት፣ የበርዎን ጥንካሬ እያደነቅኩ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ በስንት ሥራዎ መሀል ስለጮህኩብዎት ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ እጅ የምነሳዎት፣

የድምፅ መቅጃ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣
የሰፈር ስሟ «አትክፈቱ»

ከፊርማ በኋላ የመጣ፦ ከላይ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ በእጄ ላስረክብዎት መጣሁ፣ ይህቺን አጥራችሁን ተደግፌ ነው የምጽፋት። የበሩን ደወል ተጫንኩ፣ በማናገሪያው «ማን ነው» አሉኝ፣ «እኔ ነኝ፣ እባካችሁ ክፈቱልኝ» አልኩ። ዘበኛው «ኧረ ኑ ስሙ፣ የማስታወቂያዋ ልጅ» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ፣ እስቲ ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩላቸው፣ ስቀው ዘጉት። ስለዚህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው በራችሁ ላይ እለጥፈዋለሁ። በአጥሩ ቀዳዳ እንዳየሁት ሣራችሁ ውሃ ሲጠጣ ነው የዋለው፣ እናንተ ዘንድ ውሃ መጣ ማለትም አይሠራም። እንግዲህ ምን ብዬ ብጮህ እንደምትከፍቱ እስከ ሰኞ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።