ለአዲሷ ሰብሳቢ፣ ከተሻረችው ሰብሳቢ

ጎንደር፣ አራዳ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም

ለምወድሽ ልጄ ለትዕግስት፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የጅግጅጋው ንፋስና አቧራ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሽንኩርት መወደድ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ወረቀት ያዝኩ።

እዚያ ደብራችሁ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ አድርገው እንደመረጡሽ ጽፈሽልኛል። «እማዬ፣ አንቺ ዘጠኝ ዓመት የመራሽ ነሽ፤ ምከሪኝ» ብለሽ፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ መመሪያም አያይዘሽ ልከሻል። ዓለምነው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ አነበብኩት። ራእይ፣ ተልእኮ፣ ዕሴት፣ ግብ፣ ስልት! ሐዘንተኛ አጠገብ ሄዶ ለመቀመጥ ስልት የሚያስፈልጋት ሴት ካለች ቤቷ ትቀመጥ። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ውጤታማ መሪ ግጭትን በጥበብ ታስወግዳለች» ይላል። እዚያ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። እኔ ግጭትን በጥበብ አስወግጄ ምን እንዳመጣሁ ልንገርሽ፤ ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ለምድጃ ታደርጊው እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

ማኅበራችንን ታውቂዋለሽ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ጽዋ እንጠጣለን። ጸሎቱ ይደርሳል፣ ጠላው ይዞራል፣ ከዚያ ሥጋ ለብሰው የተቀመጡት መላእክት ሁሉ የጎረቤታቸውን ገመና መዘርገፍ ይጀምራሉ። ምክትሌ ወይዘሮ አየለች ነበረች። አስታወስሻት? ስትሰግድ እንኳ አምባሯ እንዳይሸፈን እጅጌዋን ሰብስባ የምትሰግደዋ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ምንዳዬ የምትባል ሴት መጣችልን። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ገጠር፣ አገሩ ሲታወክ አንዲት ልጇን ይዛ የወረደች ናት። ሸክላ ሠሪ ናት። ዘመዶቿ በሙሉ እስራኤል ገብተዋል፤ የእሷ እናት ግን ክርስትና ተነሥታ ስለነበር እነሱ እዚሁ ቀሩ። ከቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። ስትናገር የሰማኋት ከስንት አንዴ ነው፤ በማኅበራችን ይህ ብቻውን ተአምር ነው።

ለኅዳር ጽዮን በዓል በእጇ የሠራችውን ማሰሮ ለማኅበሩ ስጦታ ይዛ መጣች። አንገቱ ላይ ዙሪያውን መስቀል ቀርጻበታለች። «ሸጋ ነው!» አልኩ እኔ ራሴ። ጠላው ሊቀዳበት ሲል አየለች ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«እትዬ የትነበርሽ፣ ከዚያ ውስጥ እኔ አልቀምስም። ሌሎቹም አይቀምሱም።»

«ምነው?»

«ምነው ይሉኛል እንዴ! ማን እንደሆነች እያወቁ? ዓይኗን አላዩትም?»

ዞር ብዬ አየሁ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው የሰበሰቡ አሥር ሴቶች ቆጠርኩ። ቆርበው የመጡ ናቸው! አፋቸውን ገና እህል አልነካውም! እኔ ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? ጥበብ አወጣሁ። «ምንዳዬ፣ አንቺ ብርቱ ነሽ፤ ጽዋው እስኪዞር ውጭ ሆነሽ ውሃውንና እንጨቱን ብትይዢልን» አልኳት። ማሰሮዋንም «እንዳይሰበር» ብዬ ዕቃ ቤት አስገባሁት።

አየችኝ። «እሺ፣ እትዬ» አለችና ወጣች።

አየለች «መሪ ማለት እንዲህ ነው!» ብላ አስጨበጨበችልኝ። አስተዳዳሪው ቄስም «ሰላም ወዳድ ሰብሳቢ» ብለው መረቁኝ። እኔ ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ደስ አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምንዳዬ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ሦስት እሑድ የቀረች ትሰረዝ የሚል ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ እጅ ስሟ ላይ መስመር አሰመርኩ። ምነው ቀረች ብሎ የጠየቀ የለም። መዝገቡን የያዝነው ለመቅጣት ነው እንጂ ለመፈለግ አልነበረማ።

ጥር 3 ቀን ጠዋት እኔና አየለች እዚሁ አራዳ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነበርን። ለጥምቀት አንድ ዓይነት ለብሰን ልንወጣ ነውና ጥለቱ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ብለን እንከራከራለን። የማኅበሩ ጸሐፊ ዓይናለም እያለከለከች ገባች።

«የምንዳዬ ልጅ አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ማኅበሩን ልጥራ?»

አየለች ጨርቁን ከእጇ ሳታስቀምጥ «ስሟ ከተሰረዘ ቆየ እኮ» አለች።

እኔስ? ሁሉም የእኔን አፍ ያያል። «ለበዓሉ የቀረን ስምንት ቀን ነው» አልኩ። «ከበዓሉ በኋላ ሁላችንም ሆነን በወጉ እንሄዳለን።»

ዓይናለም «እትዬ፣ ቀብር እኮ ከበዓሉ በኋላ የለም» አለችኝና ብቻዋን ሄደች። ኋላ እንደነገረችኝ ቀብሩ ላይ የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው። ሬሳውን የተሸከሙት ከመንገድ የተለመኑ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

እኛ ግን ለጥምቀት አማርን። አርባ ሴቶች፣ ሰማያዊ ጥለት፣ «በፍቅር አንድ ነን» የሚል ሰፊ ጨርቅ ከፊት። ፎቶ የሚያነሣው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አየለች አንገቷ እስኪቆለመም ድረስ ለካሜራው ፈገግ አለች። ወደ ፋሲል መዋኛ ስንወርድ ምንዳዬ ጥቁር ለብሳ መንገድ ዳር ቆማ አየኋት። ታቦቱ ሲያልፍ መሬት ሳመች። ቀና ስትል ከእኔ ጋር ተያየን። ፊቷን አላዞረችም፣ አልተቆጣችም። አይታኝ እንደማታውቅ ሰው በዓይኗ አለፈችኝ። እኔ ግን መዝሙሩን አቆምኩ።

በሦስተኛው ቀን ቤቷን አፈላልጌ ብቻዬን ሄድኩ። አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። «ይግቡ» አለችኝና ያለቻትን አንዲት በርጩማ ለእኔ ሰጥታ ራሷ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

«አሜን።»

ስለ በዓሉ ጥድፊያ ማስረዳት ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ልጄ ታማ ሳለች በር በተንኳኳ ቁጥር ‹እማ፣ የማኅበርሽ ሴቶች ናቸው?› ትለኝ ነበር። ‹ይመጣሉ› እላት ነበር። አልተቀየምኳችሁም። እሷን ስለዋሸኋት ነው የሚቆጨኝ።»

ቀጥላም «እርስዎስ ልጅ አለዎት?» አለችኝ።

«አንዲት። ጅግጅጋ ናት።»

«ምነው እንዲህ ራቀች?»

«ሥራ ነው» አልኳት።

ዋሸሁ። ሰውአገኝ አንቺን ብሎ ሽማግሌ ሲልክ «የቀጥቃጭ ልጅ ቤቴ አይገባም» ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹን እንኳን ላስተናግድ፣ ተቀመጡ አላልኳቸውም። አንቺ በሳምንቱ ዝውውር ጠየቅሽ፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው «ልጄን ሥራ ወሰደብኝ» እላለሁ። አየለችን እስካሁን ስንቃት ቆየሁ፤ ይገባታል። ግን አየለች የምታስበውን በአፏ ትናገረዋለች፤ እኔ ያንኑ አስቤ ጥበብ የሚል ስም አወጣለታለሁ። ከሁለታችን የባሰችውን አንቺ ታውቂያታለሽ።

በተከታዩ እሑድ ማሰሮውን ከዕቃ ቤት አወጣሁት፤ ሁሉም ፊት ጠላ ቀድቼበት ጠጣሁ። ያደረግሁትንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ዓይናለምና ሁለት አሮጊቶች ተነሥተው ጠጡ። የቀሩት በሰማያዊ ጥለታቸው እንደ ሐውልት ቀጥ አሉ። አየለች «እትዬ ደክሟቸዋል» አለች፤ ድምፅዋ ማር ነው። በሚቀጥለው እሑድ እሷን መረጡ። አስተዳዳሪው «ለሰላም ሲባል ነው» አሉኝ። እኔም ምንዳዬን ያስወጣሁት ለዚሁ ብዬ ነው።

ምንዳዬን ተመለሺ ብዬ ለመንኳት። «ጸሎቴ ከቅዳሴው ጋር ይበቃኛል፤ ማሰሮዬን ብቻ ይመልሱልኝ» አለች። አዝዬ ወሰድኩላት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ሌላ ሰው የሚሄድ ስለሌለ ትከፍትልኛለች። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ምክር ካልሽ፦ መዝገብ ያዢ፤ የቀረችውን ግን በዚያው ቀን ከመምሸቱ በፊት በሯን አንኳኪ። አንድ ዓይነት ልብስ አታሰፊ። ጽዋው ሲዞር መጀመሪያ ለማን እንደሚሰጥ የምትከራከር ካለች መጨረሻ ስጫት፣ ካልጠጣችም ትጠማ። ማይክራፎን የምትወደውን እንስራ አሸክሚ። ጸሎት ከማድረስሽ በፊት በክፍሉ ማን እንደሌለ ተመልከቺ፤ እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት የሚያየው እሷን ነው። «ለሰላም ሲባል» የምትል ቃል አፍሽ ላይ ስትመጣ ደግሞ አፍሽን ያዢና ማን ወደ ውጭ እንደሚወጣ ጠይቂ። የቀረው ሠላሳ ሁለት ገጽ ወሬ ነው።

ብትፈቅጂልኝ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ ልይሽ። ባትፈቅጂም አልፈርድብሽም፤ ስልኩን ግን አንሺልኝ። ሰውአገኝ አሁንም እዚሁ ነው፤ አላገባም። ይህን የምልሽ ነገር ለማቀጣጠል አይደለም፤ የደበቅሁብሽ ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው።

እመብርሃን በሄድሽበት ትቅደምልሽ፤ እግዚአብሔርም እጅሽን ለሰው የሚዘረጋ፣ በርሽንም የሚንኳኳ ያድርግልሽ። ይህን ደብዳቤ አትቅደጂው። እዚያ ላሉት ሴቶች በመጀመሪያው ስብሰባችሁ አንብቢላቸው። ስታነቢ ስሜን አትዝለዪ።

እናትሽ
የትነበርሽ