የጥቁር ገደል ካርታ

ሐሙስ

«ድንጋይ ጥይት አይፈጅም» አለኝ አጎቴ ይማም። ጻፍኩት።

ከሚስቱ ከዘሃራ ጋር በሶና ቆሎ ተሸክመን አምባሰል ገደል ወርደን መመለሳችን ነው። ባለፈው ክረምት በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ገደሉ ሆኗል። አስታራቂዎቹ፣ አበጋሮቹ፣ ከወገን ወገን እየተመላለሱ ነው፤ የሟች ልጆች ግን ደማችንን እንመልሳለን ብለዋል። ዘሃራ እያለቀሰች ስታበላው እኔ ደብተር አውጥቼ እጠይቀዋለሁ። አፈር በበላሁ!

ለጨዋታዬ ነው። ጅዳ የሰው ቤት ስሠራ የአሠሪዬ ልጅ ነው ያስተማረኝ፦ አንዱ የሌለ አገር ይተርካል፣ ሌሎቹ አዳኝም ጠንቋይም ሆነው ይገቡበታል፣ ማን እንደሚሞት ሃያ ገጽ ያለው የሚጣል ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይወስናል። ሐይቅ ከተማ ከተመለስኩ ወዲህ ተራኪዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ትዕግስት፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ጓደኛዬ፣ «ያንች ጫካ ሱፐርማርኬት ነው፤ በየዛፉ ምግብ» ብላ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ። አሁን ይኸው፣ አጎቴ የነገረኝ፦

እሳት በቀትር ብቻ፣ በደረቅ ወይራ። ጭሱ አይታይም።
የዋሻው ውሃ ጠብታ የሚያርፍበት ላይ ጨርቅ። ድምፁን ይውጠዋል።
የበላበት ቦታ አይተኛም።
ድንጋይ ጥይት አይፈጅም።

ሌላው ተጫዋቼ ሰይድ ነው፤ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያሰግራል። አጎቴ የገደለው የእሱን አጎት ነው። እኔና እሱ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ቀብሩ ዕለት «ደሙን ትልልቆቹ ይጨርሱት፤ እኛ በር ላይ ትተነው እንግባ» ተባባልን። እስከ ዛሬ ትተነዋል።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ካርታ ስስል ዋልኩ። አምባሰል አላልኩትም፤ «ጥቁር ገደል» አልኩት። ንጉሥ የገደለ ሽሽተኛ ተደብቆበታል። ዋሻው፣ ፊት ለፊቱ ሦስቱ ቁልቋሎች፣ ውስጡ ጠብታው፣ ከላይ የተንጠለጠለው የዋርካ ሥር፣ ሁሉም እንዳየሁት። ለምን ልለውጠው? እንዲህ ያማረ ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቶ አያውቅም። ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ትዕግስት ቤት። እንደ ዛሬ ተጫውተን አናውቅም!

ሰይድ አዳኝ ነበር። ካርታውን ሳሳያቸው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከላይ መውረጃ አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለው፣ የዋርካውን ሥር ይዞ፣ አንድ አንድ ሰው። ጠባቂስ? ብቻውን ነው። እሳት የሚያነደው መቼ ነው? ቀትር ላይ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ዳይሱን ጣለ፤ ሃያ፣ ትልቁ ቁጥር። የሽሽተኛውን አንገት መታ። ደግሞ ጣለ፤ ሆዱን ዘረገፈው። «ሞቷል እኮ» አልኩት። «ልድገመው» አለ። ዳይሱን ለሦስተኛ ጊዜ አነሣ። ትዕግስት ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ስትሸኘኝ «አሁን ገና ጫካ ሆነ» አለችኝ።

እሑድ

ጽሑፌ ተንጋዷል። ጥፍሬ ውስጥ ያለው ደም አልለቀቀም።

ጠዋት ትዕግስት ደወለች። ሰይድ ጀልባው ጋ የለም፤ ከሟች ሁለት ልጆች ጋር ወደ ገደሉ የሚወስደውን የውጫሌ ሚኒባስ ሲሳፈር አይታዋለች። ሰይድ እኮ ክረምት ክረምቱን እዚያው ገደል አፋፍ፣ አያቱ ዘንድ ነው ያደገው! ሦስቱን ቁልቋል ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። አጎቴን የሸጥኩት በገዛ አፌ ነው።

ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በሩጫ። የአጎቴ ስልክ አይሠራም።

ስደርስ ገደሉ ይጮሃል። ድንጋይ ይወርዳል፣ ጠመንጃ ይመልሳል። አጎቴ ዋሻው ውስጥ አልነበረም፤ ከዋርካውም በላይ ነበር። የበላበት አይተኛማ! ጽፌው የለ! ከሟች ልጆች አንደኛው ግንባሩ ተፈልጦ ቁልቋሉ ሥር ተደፍቷል፤ ታላቁ ወደ ላይ ይተኩሳል። ሰይድ ሥሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀኝ እጁ ከላይ በወረደው ድንጋይና በሥሩ መሃል ደቅቋል።

«ሐያት ነኝ! በአላህ አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። ድንጋዩም ተኩሱም ቆመ። ከዚያ የአጎቴ ድምፅ ከላይ መጣ፦ «አንች ነሽ ያመጣሻቸው?»

ወደ ሰይድ ሮጥኩ።

ሰይድን ወገቡን ይዤ ሳወርደው ፊቴን እያየ «ካርታሽ ልክ ነው» አለኝ። ሻሼን ፈትቼ ክንዱን አሰርኩ፣ እንጨት አስገብቼ ደሙ እስኪቆም ጠመዘዝኩ። እሱንም ለጨዋታው ብዬ ያነበብኩት ነው። ታላቅየው ወንድሙን ሲያይ ጠመንጃውን ጥሎ ተሸከመው። ከላይ ድንጋይ አልወረደም።

ሰኞ

ደሴ ሆስፒታል ነን። የሰይድን ሦስት ጣቶች ቆረጧቸው። መረብ የሚስብበት እጁ ነው። የሟች ታናሽ ልጅ ግንባር ተሰፋ፤ ይድናል፣ አልሀምዱሊላህ።

ዘሃራ ደውላ «ባሌን ለጨዋታ ሰጠሽው። ደጄን እንዳትረግጭ» አለችኝና ዘጋችው። አጎቴ ቦታ ቀይሯል፤ አሁን የት እንዳለ እሷም አታውቅም።

ማክሰኞ

ካርታውን አቃጠልኩ። ዳይሱን ሐይቁ ውስጥ ወረወርኩት። አልቀለለኝም።

አበጋሮቹ አንዱ ደም ሳይደርቅ ሌላ ተጨመረበት ብለው አዝነዋል። የሟች ልጆች ዝም ብለዋል። ዝምታቸው ከዛቻቸው ይልቅ ያስፈራኛል።

ረቡዕ

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ይቆማል፤ «አውርድ» እስኪባል። ሴት ስትሸከም አላየሁም። ተሸከምኩ።

ሰይድ ቤቱ ተመልሷል። እናቱ በሩን ከፍታ አየችኝና ተመልሳ ገባች። ፀሐዩ አናቴን በላው። ቆይቶ ቆይቶ ሰይድ እጁን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ፣ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ዳይስ እንጣልበት?» አለ።

ሐይቅ ውስጥ ጣልኩት አልኩ።

«ዓሣዎቹ ይጫወቱበታላ። እኔ እንደሁ አልይዛቸውም።» ሊስቅ ሞከረ። እኔ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ።

ከዚያ፦ «አውርጅው። የአንችን ብቻ ነው። የአጎትሽን ራሱ ይሸከም።»

አወረድኩት። አንገቴ ተልጧል። ድንጋዩን ግን ደጃቸው አልተውኩትም፤ ይዤው መጣሁ። ነገ ገደሉ ውስጥ የአጎቴን ስም እየጠራሁ እዞራለሁ፤ ራሱ ይሸከመው። ይወርዳል ወይ፣ ቢወርድስ የሟች ልጆች ድንጋዩን ያወርዱለታል ወይ፣ አላህ ያውቃል። ደብተር አልይዝም።