በጾም የተሰማ ከበሮ

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

በጾም ከበገና ሌላ አልከፍትም። የእነዚህ ረጃጅም ስፒከሮች ቤዝ ግን ሳስቶብኝ፣ በገናው ክራር እየመሰለ ሲያናድደኝ ሰነበተ።

ዛሬ ከሰዓት ሁለቱንም ወደ ግድግዳው አስጠጋኋቸው። አንዱን ጭራሽ ማዕዘኑ ውስጥ ከተትኩት፤ አባቴ ካረፉ ወዲህ ከበሯቸው ከተሰቀለበት ሥር። ቤዙ ወዲያው ወፈረ፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ነዘረኝ። ከበሮውም አብሮ ማጉረምረም ጀመረ። ቆዳው ከስፒከሩ ጋር እየተርገበገበ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ መብራት ሄደ። በገናው ተቋረጠ። ከበሮው ግን ቀጠለ፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ አባቴ ማሕሌት ላይ ይመቱት እንደነበረው። አውርጄ አቀፍኩት። ቆዳው ከውስጥ ደረቴን ይገፋኛል። አልፈራሁም። እንዲያውም ናፍቆቴ የወጣልኝ መሰለኝ።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ መጣች፤ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«እማዬ፣ አባባ ናቸው» አልኳት።

ከበሮውን ትክ ብላ አየችው።

«አባትህ በጾም ከበሮ ነክተው አያውቁም» አለችኝ። «አስቀምጠው፣ ልጄ።»

አስቀመጥኩት። መብራቱ እስካሁን አልመጣም። ከበሮውም አላቆመም።