እግሩ እስከ የት ድረስ?

ለወንድሜ ለታውኖ፣

እንዴት ነህ? ቁስሉስ ጠገገልህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ዶሪንና ልጃችሁ ትንሹ አላን ደህና ናቸው ወይ? የአውስትራሊያ ሙቀት አልጸናባችሁም? እኛ ደህና ነን። ሐይቁ እስካሁን በረዶ ነው፣ ላሟ ወልዳለች፣ እኔም የወገቤ ነገር እንዳለ ሆኖ ቆሜ እሄዳለሁ። ይኸው ሰላምታው አለቀ፤ አሁን ልቆጣህ ነው።

ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ተንዶብህ እግርህ እንደተቆረጠ የሰማሁት ካንተ ሳይሆን ሚስትህ በእንግሊዝኛ ከጻፈችው ደብዳቤ ነው። መዝገበ ቃላት ታቅፌ ኩሽና ቁጭ ብዬ ቃል በቃል ፈታሁት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን ለብቻ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለብቻ ይጠሩታል። በኛ በፊንላንዶች ቋንቋ ሁሉም እግር ነው። ዶሪን የጻፈችው የላይኛውን ነበር፤ ከጉልበት በላይ ብላም ጨምራለች። ለእማዬ ግን «እግሩን ተቆርጧል» ብዬ ዝም አልኩ። ቀሪውን አፌ እምቢ አለኝ።

እማዬን ታውቃታለህ፣ አላለቀሰችም። ቅዳሜ ሳውና ገብተን በእንፋሎቱ መሃል ጀርባዋን ሳሽላት ግን እጄን ያዘችና እግሯ ላይ አሳረፈችው። «እስቲ አሳዪኝ፣ እስከ የት ድረስ ነው?» አለችኝ። ሳውና ውስጥ እንደማይዋሽ ከልጅነታችን ጀምሮ ስትነግረን ኖራለች። እኔ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። «እሱማ ምን አላት! ቦት ጫማው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ይሄዳል» ብላ ሳቀች።

ከዚያ የዶሪን ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። በበጋ እመጣለሁ ያልከውን ትተሃል አሉ። እናቴ ስሮጥ እንደምታውቀኝ ታስበኝ ብለሃል። ምነው ታውኖ! ሰማንያ ሊሞላት ነው እኮ! መስኮት ላይ ቆማ ስትጠብቅህ ያረጀች ሴት ናት።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ እዚያው ሳውና ውስጥ፣ እጄን ጭኗ ላይ አድርጌ። አትመጣም የሚለውንም አልደበቅኳት። እጄን ከጭኗ ላይ አነሳችው። ከዚያ «አንቺ ውሸታም፣ በይ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ጨምሪ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አናጢውን ጎረቤታችንን ሬይኖን አስጠርታ፣ የሳውናውን የእንጨት መደብ ከላይ አስነቅላ ወለሉ አጠገብ አስመታችው። ሬይኖ «እማማ፣ አብደዋል እንዴ? ሙቀቱ እኮ ያለው ላይ ነው። እታች የሚቀመጡት ሕፃናት ናቸው» ቢላት፣ «ልጄ ደረጃ መውጣት አይችልም። አንተ ምስማርህን ምታ!» አለችው። አትመጣም መባሉን ጭራሽ ያልሰማች ነው የምትመስለው።

ትናንት እዚያ ላይ እርቃኗን ተቀምጣ፣ ሙቀቱ ይደርስህ እንደሆነ ስትሞክርልህ አመሸች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ነይ ወደ ምድጃው ጠጋ በይ ብላት እምቢ አለች። «ይሞቃል፣ ይበቃዋል» አለችኝ።

ስለዚህ ና። በክራንችም ቢሆን ና፤ ባቡር ጣቢያ ፈረስና ጋሪ ይዤ እጠብቅሃለሁ። አፍረህ ከሆነ እኔን ስደበኝ፣ ተጣላኝ፣ እሷን ግን እንዲህ አትቅጣብኝ።

ዶሪንን እውነቱን ስለጻፈችልኝ አመስግንልኝ። አላንን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ሬይኖም ናፍቆኛል በይልኝ ብሏል። እማዬ ግን ሰላምታ አልልክም ብላለች። መጥቶ ይውሰድ ነው የምትለው።

እህትህ ኬርቱ
ሶትካሞ፣ ፊንላንድ
እሁድ፣ ማርች 12 ቀን 1961