በርሜልህን ከፈትኳት

ተሼ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ። ደህና ነኝ ብልህ አታምነኝም፤ ደክሞኛል። ሎንግ ቢች ሆስፒታል አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ፤ ስወጣ ለቤንዚን እሰለፋለሁ፤ ፌርፋክስ ሰፈራችን ስደርስ ደግሞ ፓርክ የማደርግበት ቦታ ፍለጋ እዞራለሁ። ቤት ስገባ ጫማዬን ማውለቅ ራሱ ሥራ ይሆንብኛል።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ካፖርትህን ለሰው ሰጠሁ። ጋራዡን ግን አልነካሁም። በማሽን እያሽከረከርክ የጥይት ቀለህ የምታጸዳባት በርሜል እንደቆመች ናት። ሆስፒታል የገባህ ቀን ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መጨረሻ የጨመርካቸው ቀለሆች ከተፈጨው የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ውስጧ እንዳሉ ባውቅም ክዳኗን አላነሳሁም። ከከፈትኳት የእጅህ ሥራ ያልቃል ብዬ ፈራሁ።

አቤት ስንቴ ተጣላንባት! እየጮኸች ስትሽከረከር ወፍጮ ቤት ያገባሁ ይመስለኝ ነበር። አንተ ደግሞ አንዷን ቀለህ አውጥተህ በሸሚዝህ ጫፍ ትወለውልና አፍንጫዬ ሥር ታመጣታለህ። «እዚህ አገር ተኩሰው ይጥሉታል፤ እኛ ዘንድ ቀለህ ይለቀማል» ትለኝ ነበር። አባትህ አንዱን ቀለህ ባሩድ እየሞሉ ደጋግመው ሲተኩሱበት እያየህ ነዋ ያደግከው።

በናንተ በጎጃም አዳኝ ሲቀበር ይተኮሳል። አንተን ግን በዝምታ ቀበርንህ። የመቃብሩን ኃላፊ ብጠይቀው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ፖሊስ ሳይጠራብኝ ብዬ ተውኩት። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። በቀደም ጋርዴና ያለው የአደን ጓደኛህ ሚስተር ፍራንክ ደወለልኝ። ለሙት ዓመትህ ተራራ ወጥቶ በስምህ ሊተኩስ እንዳሰበ፣ ቀለሆቹም ካንተ ጋራዥ ቢሆኑ ደስ እንደሚለው ነገረኝ። ኦኬ አልኩት።

በርሜሏን ላለመክፈት ስል ሳታጸዳቸው ከረጢት ውስጥ የተውካቸውን የጠቆሩ ቀለሆች አወጣሁ። እናቴ የነሐስ ሙቀጫዋን የምትፈትገው በሎሚና በጨው አይደል? ይህም ነሐስ፣ ያም ነሐስ ብዬ ሎሚና ጨው ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ትንሽ ጋደም ልበል ስል እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ነግቷል፤ ቀለሆቹም ቀልተው መዳብ መስለዋል። አምረዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ሚስተር ፍራንክ መጥቶ ሲያያቸው ራሱን ነቀነቀ። ሎሚው ነሐሱን በልቶታል፤ ባሩድ ቢሞላ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል አለኝ። ሌላ ሰው በስህተት እንዳይሞላቸው አፋቸውን በጉጠት አንድ በአንድ ጨፈለቀው። እኔ ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዘንድሮም በዝምታ ልታልፍብኝ ነው ብዬ።

ሰውየው ግራ ገብቶት በርሜሏን በጣቱ አንኳኳ፤ እዚህ ውስጥስ ምን አለ አለኝ። ባዶ ናት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ከፈትኳት፣ ተሼ። ቆረቆንዳው ውስጥ እጄን ሰድጄ አንዷን አወጣሁ። ያንተዎቹ እንደ ወርቅ ናቸው። እንዳንተ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኳትና ሰጠሁት።

ሌሎቹንም ወስዶ ባሩድ ሞላቸውና እሁድ ተራራው ላይ ተተኮሰልህ። ጆሮዬን አልያዝኩም። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ ሲመልሰው፣ አሁን በወጉ ተሸኘህ አልኩ። ሚስተር ፍራንክ ጠመንጃውን ሲያስቀምጥ እኔ ተንበርክኬ ቀለሆቹን ከሣሩ ውስጥ ለቀምኩ። ገና ትኩስ ነበሩ።

እንደገና ጠቁረዋል፤ በርሜልህ ውስጥ መልሼ ከትቻቸዋለሁ። ነገ ከሥራ ስመለስ ያቺን ወፍጮህን አስነሳታለሁ፤ ጎረቤት ይጩህ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ለሙት ዓመትህ ቀለህ አታጣም። አጥቤ አቆይልሃለሁ፤ በሎሚ ግን አይደለም።

ያንተው አልማዝ