ንጹህ ፕሮቲን ያልከው ቱቦ

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ውድ ባለቤቴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬም አልጠይቅም፤ አዲሱ ኮሌጅ ስምህን በር ላይ በትልቁ ጽፎልህ እንዴት ደህና አትሆን! እኛ ደህና ነን። ልጅህ በቁመት ልትደርስብኝ ነው፤ ክርክር ስትጀምር አፍንጫዋን እንዳንተ ትነፋለች። የላቦራቶሪው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጠን እንሠራለን።

ባለፈው ጉባኤ ያደረግከኝን አልረሳሁም። ምንም የማይጎዳው ባክቴሪያ፣ ከሞተው ገዳይ ባክቴሪያ የወጣ ጭማቂ ሲነካው እሱም ገዳይ ይሆናል፤ ከእሱ የሚራቡት ዘሮቹም እንደዚያው። እስከዚህ ተስማምተን ነበር። ጠባችን ጭማቂው ውስጥ ይህን የሚያደርገው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። እኔ ዲኤንኤ ነው ስል፣ አንተ ዓይንህን በጨው አጥበህ «ባለቤቴ ጎበዝ ናት፣ ብልቃጥ ማጠብ ላይ ግን ትንሽ ትሰንፋለች» አልክ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ምን ላድርግ? አንጀቴ ግን አርሮ ነበር። ከዚያ ቱቦህን ከፍ አድርገህ «ይኸው ንጹህ ፕሮቲን! ዘርን የሚያወርሰው ይህ ነው» አልክ። በዚያች ቱቦ ሹመት አገኘህና ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ።

የተረፈውን ግን ማቀዝቀዣው ጥግ ረስተኸዋል።

እንደ ልማዳችን ሠራሁበት፤ አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ባክቴሪያው ያደገባቸውን ሳህኖች ያነባል። አንተ ስለሌለህ ያነበበው የኮሌጃችን ዲን ነው። ዓይኔን ማየት እንደማይወድ ታውቃለህ፤ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። የአንተን «ንጹህ ፕሮቲን» ለሦስት ከፈልኩት። አንዱን እንዳለ ተውኩት፤ በሁለተኛው ላይ ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም ጨመርኩ፣ በሦስተኛው ላይ ዲኤንኤ ብቻ የሚበላ። ሦስቱንም ከማይጎዱት ባክቴሪያዎች ጋር ቀላቅዬ ሳህን ላይ አሳደርኳቸው። የማይጎዱት ሻካራ ሆነው ያድጋሉ፤ ገዳዮቹ ለስላሳ።

ዲኑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ በአንድ አየ።

«ይሄ ለስላሳ አለው። ይሄም አለው። ይሄኛው... ምንም የለውም፣ ሁሉም ሻካራ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንቺ ሴት፣ ዓይን አለኝ እኮ!»

ለስላሳ ያልበቀለበት ሦስተኛው ነበር። ፕሮቲኑ ተበልቶ እንኳ ለውጡ አልቀረም፤ ዲኤንኤው ሲበላ ግን ቀረ። ያሞገስከው ቱቦ ውስጥ ዲኤንኤ ነበረበት፤ ሥራውን የሠራው እሱ ነው። እንዴት እንዳለፈህም አውቃለሁ። አልኮል ስትጨምር የሚወጡትን ነጫጭ የዲኤንኤ ክሮች በመስታወት ዘንግ ጠቅልለህ አውጥተህ መጨረስ ነበረብህ። ቸኩለሃል። መቼ ሳትቸኩል ታውቃለህ?

በዚህ ሳምንት የደረሰን መጽሔት ደግሞ ዲኤንኤ የተጠማዘዙ ሁለት ክሮች ነው ይላል። በአንዱ ክር ላይ ያለ እያንዳንዱ ክፍል በሌላው ላይ የሚገጥመው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሊባዛ ሲል ክሮቹ ይላቀቃሉ፤ እያንዳንዱም ዙሪያው ካለው እየለቀመ የጎደለውን አቻውን መልሶ ይሠራል ብለው ይገምታሉ። አንዱ ሁለት ይሆናል፤ በሁለቱም ውስጥ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ። አንብቤ ስጨርስ «ና እስቲ ይህን እይ!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። በራሴ ተናደድኩ፣ ከዚያ እንደገና በአንተ።

ማታ ለልጅህ ነገርኳት።

«አባዬ ተሳስቷል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ያውቃል?»

«ገና።»

«እማዬ፣ ታዲያ ለሰው ሁሉ ከመንገርሽ በፊት ለሱ አትነግሪውም? እሱ ያደረገሽን ልታደርጊበት ነው?» አፍንጫዋን ነፋች።

ይህ ደብዳቤ የሷ ሥራ ነው። ጉባኤው በመጪው ወር ነው። ውጤቱን እኔ ካነበብኩት በር ላይ ያለው ስምህ ይነሳል፣ ታውቀዋለህ። ራስህ ቆመህ «ተሳስቼ ነበር» ካልክ ግን ሰው ያከብርሃል። አዘጋጆቹን ለምኜ ከእኔ በፊት እንድትናገር አድርጌአለሁ። ቱቦው የማን እንደሆነ ለዲኑ አልነገርኩትም። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለልጅቷ ብዬ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ዝም ካልክ እነሳለሁ፣ ስምህንም እጠራለሁ።

ጤና ይስጥህ፤ ልቦናም ይስጥህ፣ እሱ ይበልጥ ያስፈልግሃል። ያ ሳልህ ካልተወህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እየሳልክ መድረክ ላይ እንዳታዋርደን።

የልጅህ እናት

የፍቺውን ወረቀት ደግመህ እንዳትልክብኝ። ለመፈረም ጊዜ የለኝም።