ጎመን የበላችው በቅሎ

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሉዋምዬ፣ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጎይቶምስ? እኛ አለን። አለን ስልሽ እንግዲህ ደክሞን ነው ያለነው፤ እኔ እግሬ ዳገት አልወጣ ብሎኛል፣ አባትሽም የቀኝ እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም። ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ እሱ ከጎኔ አይጠፋም፤ ቤታችን እንደሆነ አንድ ክፍል ናት፣ አንዱ ያሰበውን እንኳ ሌላው የሚሰማ ይመስለኛል። ጓደኛሽ ሰምሃር ነገ ወደ ካምፓላ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

የአባትሽ የጥያቄ ግሩፕ ውስጥ ስምሽን ቀይረሽ ገብተሽ እንደነበር አውቄያለሁ። አትደንግጪ፣ አልቆጣም። ሳቁብሽ፣ አንቺም ወጣሽ። ከወጣሽ በኋላ የሆነውን ግን አላየሽም። አባትሽ በአንቺ መልስ የተነሳ ያችን የቀረችውን ደስታውን አጥቷል። ይኼን ሳትሰሚ እንድትቀሪ አልፈለግሁም።

ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አብረውት ማኪያቶ ይጠጡ የነበሩት ሰዎች አንዱ ገላን፣ አንዱ የካ አባዶ ተበታትነዋል። ባንኮኒ ተደግፎ የሚከራከረው ሰው ሲያጣ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ጀመረ። ሉልሰገድ የሚባል፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ የወርቅ ቤት ልጅ፣ አዝኖለት ነው ቴሌግራም ላይ ያስገባው። ያ አባትሽ የሚወደው መጽሐፍ፣ የነጋዴውና የበቅሎዋ ታሪክ፣ ለካ ወዳጁ ብዙ ነው። በበቅሎዋ ስም «የቦራ ወዳጆች» ተባብለው ተሰብስበዋል፤ ሀዋሳ ያለ አለ፣ ጎንደር ያለ አለ፣ ዱባይ ያለ አለ። እሁድ እሁድ አባትሽ ከመጽሐፉ ጥያቄ ያወጣል፣ እኔ በስልኬ እጽፍለታለሁ። መልስ ሲመጣ አነብለታለሁ፣ እሱ ያርማል። ሉልሰገድ ጥያቄው ምርጫ ይኑረው ቢለው፣ «ምርጫ ለመንጃ ፈቃድ ነው» አለው። ግማሽ ነጥብ ብሎ ነገር አያውቅም። የነጋዴውን ኮት ግራጫ ነው ላለ ሰውዬ፣ አመድማ ነው እንጂ ብሎ ዜሮ ሰጥቶታል። ይበሽቁበታል፣ ይወዱታልም። እኔ በዚያች ጥቃቅን ፊደል ዓይኔ እየጠፋ ነው፤ ይሁን፣ አኩርፎ ከሚውል ይሻላል እላለሁ።

ያለፈው እሁድ ጥያቄ «ነጋዴው ቦራን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት የት ነው?» የሚል ነበር። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያለቀሰበት ቦታ ነው። ገደል፣ ገደል፣ ገደል እያለ መልሱ ጎረፈ። በመሀል «ጠል» የሚባል ሰው «በመነኩሲቷ ጓሮ፣ ጎመን ስትበላ» ብሎ ጻፈ። ስልኩ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር።

አንቺ መጽሐፉን በዓይንሽ አንብበሽው አታውቂም፣ ሰምተሽው ነው። ኩፍኝ ይዞሽ የተኛሽ ጊዜ አባትሽ ከራስጌሽ ተቀምጦ ያነብልሽ ነበር። ገደሉ ጋ ሲደርስ ፊትሽን አየት አደረገና፣ ዓይኑን ወደ ገጹ መልሶ፣ ልክ እንደተጻፈ አድርጎ በቅሎዋን መነኩሲቷ ጓሮ ጎመን መሀል አሳረፋት። ጎመኑን ስትግጥ መነኩሲቷ በመቋሚያ ስታባርራት ሁሉ አነበበልሽ። ስቀሽ ተኛሽ። በኋላ እኔ ገልጬ ባይ በቅሎዋ ገደል ገብታ ሞታለች፤ መነኩሲትም የለች፣ ጎመንም የለ። ያንን መልስ የሚመልስ ሰው ከአንቺ ሌላ ከየት ይመጣል?

ድምፄን ሳልቀይር እንደ ሌላው መልስ አድርጌ አነበብኩለት። «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ግሩፑ ያን ጊዜ በሳቅ ሊሞት ነው። «መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይስ በልተኸዋል?» ይላል አንዱ። «ጎመኑ በሥጋ ነው?» ይላል ሌላው። አባትሽ መነጽሩን አወለቀና፣

«ትክክል ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ትክክል። ሙሉ ነጥብ።»

ጻፍኩ። አንቺ ግን ወጥተሽ ነበር።

ከዚያማ ግሩፑ ታመሰ። በኮት ቀለም ዜሮ የሚሰጥ ሰው! ጃጅቷል ያለ አለ። ዘመዱን ሊጠቅም ነው ያለም አለ፤ እሱስ አልተሳሳተም። የገጹን ፎቶ እያነሱ ለጠፉበት። አባትሽ አንድ ቃል አልመለሰም፣ ከዚያም ወዲህ ስልኩን አምጪልኝ አላለኝም።

ትናንት ሉልሰገድ ብርቱካን ይዞ መጣ። ነገሩን ሊያበርድ ነው፣ ደግ ልጅ ነው። «ጋሼ አርአያ፣ አንዲት መስመር ብቻ። ተሳስቻለሁ ብለው ይጻፉና ሁሉም ይረሳዋል። እምቢ ካሉ ጥያቄውን ለሌላ ሰው እንስጥ እያሉ ነው» አለው።

«አልተሳሳትኩም።»

«ጋሼ፣ በቅሎዋ እኮ ሞታለች።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ሉዋም፣ አንቺና ጎይቶም ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ፈርማችሁ ከተጋባችሁ ወዲህ፣ ሽማግሌ ሳይላክብኝ ብሎ ካኮረፈ ወዲህ፣ ይህ ሰው ስምሽን በአፉ ጠርቶት አያውቅም። ስላንቺ መስማት ሲያምረው «ካምፓላ ዝናቡ እንዴት ነው?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም ልጅህ ደህና ናት በማለት ፈንታ ዝናቡ ደህና ነው እላለሁ። በሁለት ግትር ሰዎች መሀል መመላለስ ሰልችቶኛል፣ እውነቴን ነው። እንግዲህ ያ ሰው ነው ሉልሰገድን ቀና ብሎ ያየውና፣

«ልጄ የመለሰችውን ስህተት ነው ብዬ ሰው ፊት አልጽፍም» ያለው።

ልጄ አለ። ሉልሰገድ እኮ ልጅ እንዳለው አያውቅም ነበር፤ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ብርቱካኑን ላጥብ ብዬ ወደ ውጭ ወጥቼ ቧንቧው ሥር አለቀስኩ።

ለግሩፑ ማንም ምንም አላስረዳም፤ አባትሽ ሉልሰገድን አፍህን ያዝ አለው። ከመጪው እሁድ ጀምሮ ጥያቄውን አንድ የጎንደር መምህር ይይዘዋል። አባትሽ ግድ የለም ይላል። ግድ አለው።

ማን በድሏል፣ ማን ይቅርታ ይጠይቅ የሚለውን አልጽፍልሽም፤ እሱን ስናገር ኖሬ ደክሞኛል። ፈጣሪ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ፣ ከጎይቶም ጋር በፍቅር ያስረጅሽ፣ እኔንም ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

እሁድ ጠዋት እኔ ቅዳሴ ስሄድ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ነው የምሄደው። ቅዳሴ ረጅም ነው፣ እኔም አልቸኩልም። ደውዪ። ያነሳዋል። ድምፅሽን ሲሰማ ዝም ይላል፣ መስመሩ የተቋረጠ ይመስልሻል። አልተቋረጠም፣ ልጄ። አትዝጊው።

እናትሽ
ለተኪዳን